ለአልጋው አመስግኚ

ፍንጣሪ የሚለውን ስም ያወጡላት አባቷ ናቸው። ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ደንበኛ ብየዳ ቤታቸው መጥቶ አባቷን ሲሰድብ ሰማች። ከጥግ ተነስታ ሮጠችና የሰውየውን ጭን ነከሰችው። አባቷ ሰውየውን ይቅርታ ጠየቁ፣ የእሷን ጆሮ ቆነጠጡ፣ ዞር ብለው ደግሞ እየሳቁ «ይቺማ ልጅ አይደለችም፣ ፍንጣሪ ናት» አሉ። ስሙ በዚያው ተጣብቆ ቀረ። ዛሬ አርባ ሊሞላት ሁለት ዓመት ነው የቀራት፤ ብየዳ ቤቱን የምታሠራውም እሷ ናት። መታወቂያዋ ላይ የተጻፈውን ስም የሚያስታውስ ሰው ግን የለም።

ከአምስት ዓመት በፊት አባቷ አንድ ጠዋት ብረት ሊቆርጡ ቆመው ሳለ ግራ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ትንሽ ቆይቶ ግራ እግራቸውም ከዳቸው። ሐኪሞቹ «ስትሮክ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ጎናቸው የእሳቸው አይደለም። አእምሯቸው እንደ ድሮው ነው፤ ምላሳቸው ግን ስለሚተሳሰርና ቶሎ ስለሚደክማቸው ቃል ይቆጥባሉ። የምታነሳቸው፣ የምታጥባቸው፣ የምታለብሳቸው ፍንጣሪ ናት። እሷ ሥራ ስትውል ጎረቤታቸው ጡረተኛዋ አስተማሪ መጥተው አጠገባቸው ይቀመጣሉ፣ ጋዜጣ ያነቡላቸዋል፣ ሲጠማቸው ያጠጧቸዋል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ።

የሩቁ ዘመድ ታላቅ ወንድሟ ነው። እሷ «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች። በመኪና አምስት ሰዓት በሚያስኬድ ሌላ ከተማ የትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። በየሳምንቱ እሁድ ይደውላል። «አባባ እንዴት ናቸው?» ይላል። «ደህና ናቸው» ትለዋለች። «ተመስገን። አንቺስ?» «ደህና ነኝ» ትላለች። አምስት ዓመት ሙሉ ያወሩት ይህንን ነው፤ ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። በዓመት ሁለቴ ደግሞ ራሱ ይመጣል፤ ሲመጣ መኪናው ሳጥን በሳጥን ሆኖ ነው።

አሁን ስለ አልጋው መናገር ያስፈልጋል። አባቷ ከሆስፒታል በወጡ በሁለተኛው ዓመት ፍንጣሪ ወገቧ ተቆርጦ ቀና ማለት አቃታት። ተራ አልጋ ዝቅተኛ ነው፤ ከዚያ ላይ ሙሉ ሰው በቀን ስምንት ጊዜ ማንሳት ጀርባ ይጨርሳል። ስለዚህ አልጋ ሠራችላቸው። ከአራት ማዕዘን ብረት ነው የበየደችው፤ ቁመቱ ልክ እሷ ዳሌ ድረስ ነው። በቀኝ በኩል ያለው አጥር በማጠፊያ ወደ ታች ይወርዳል። ከራስጌው ወደ ላይ የወጣ ወፍራም ብረት አለ፣ ከእሱ ላይ መያዣ ተንጠልጥሏል፤ አባቷ በደህናው እጃቸው እሱን ይዘው ራሳቸውን ይስባሉ፣ ይገላበጣሉ። በዚያው በቀኝ እጅ በኩል የሽንት መቀበያ ፕላስቲክ የሚሰቀልበት ማንጠልጠያ አለ፤ ሌሊት ሽንታቸው ሲመጣ ማንንም ሳይቀሰቅሱ ራሳቸው ያደርጉታል። ይህንን ሁሉ ያስለኩት አባቷ ናቸው። ዊልቸር ላይ ተቀምጠው በጣታቸው እያሳዩ «ዝቅ... ቀኝ... እዚህ» እያሉ፣ ሦስት ጊዜ አፈራርሰው ሦስት ጊዜ ሠርተውታል። መልኩ አስቀያሚ ነው፣ ከአንድ በር በተረፈ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ። ግን እነሆ ሦስት ዓመት ሙሉ አባቷ ልብሳቸውን አርጥበው አያውቁም፤ ጀርባቸውም አልቆሰለም።

ወንድሟ ለፋሲካ ዓርብ ማታ መጣ፤ ብቻውን ነበር፣ ሚስቱ ወደ እናቷ ሄዳለች። ቅዳሜ ጠዋት ፍንጣሪ የአንድ ትምህርት ቤት የውጭ በር ልትገጥም ቃል ገብታ ስለነበር ጎረቤቷን ልትጠራ ስትነሳ ወንድሟ ከለከላት።

«ምን አስቸገርሻቸው? እኔ አለሁ አይደል እንዴ! ሂጂ፣ ተረጋግተሽ ሥሪ» አላት።

እኔ አለሁ! እንዲህ ያላት ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ አልነበረም። መንገዱን ሁሉ ቀልሏት ሄደች። አብሯት የሚሠራው ሰውዬ፣ አጭርና ድፍን ስለሆነ ብሎን የሚሉት፣ በሩን ተሸክሞ እያላበው «ምን ተገኝቶ ነው የምታንጎራጉሪው?» አላት።

«ወንድሜ ቤት አለ» አለችው። ያን ቀን ምሳዋን ቁጭ ብላ በላች። በልታ ስትጨርስም ቶሎ አልተነሳችም፤ ፀሐይ ላይ እግሯን ዘርግታ «ሰው ወንድም ሲኖረው እንዴት ደስ ይላል» ብላ ማሰቧን በኋላ ስታስታውሰው በራሷ ትናደድ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ደጃፉ ላይ የተቀደደ ካርቶን፣ ፕላስቲክና ገመድ ተከምሯል። ቀጥታ ወደ አባቷ ክፍል ገባች። ወንድሟ እጆቹን አጣምሮ መሃል ላይ ቆሟል፣ ፊቱ በርቷል። ከኋላው ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሞላ የእንጨት አልጋ ተዘርግቷል፤ ራስጌው በስፖንጅ አብጦ በልብስ ቁልፍ የተወጋጋ፣ እግሩ አጭር፣ ፍራሹ እንደ ሊጥ የለሰለሰ። አባቷ መሃሉ ላይ ሰምጠዋል። ከሩቅ የሚታየው አፍንጫቸው ብቻ ነው።

«ሰርፕራይዝ!» አለ ወንድሟ።

«አልጋው የታለ?» አለች።

«ይሄውልሽ! የሆቴል አልጋ ነው እኮ...»

«የአባባ አልጋ የታለ ነው የምልህ።»

«ያ ቁርጥራጭ ብረት? ለቆራሌው ሰጠሁት። ዕቃውን ያመጡት ልጆች ተሸክመው አወጡልኝ፣ እሱም በዚያው ሲያልፍ ወሰደው። እስቲ አንቺም ብትሆኚ፣ ሰው በስተርጅና እስር ቤት ይተኛል?» ወደ አባታቸው ጎንበስ አለ። «አባባ፣ ተመቸዎት አይደል?»

አባቷ ልጃቸውን አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ፍንጣሪ መለሱ። ያንን አተያይ ታውቀዋለች፤ በልጅነቷ እንግዳ ፊት አፏን ስትከፍት ነበር እንዲያ የሚያዩዋት።

«ጥሩ... ነው» አሉ።

ፍንጣሪ ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ጓሮ ሄዳ እጇን ስትታጠብ ጎረቤቷ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። «ልጄ፣ አልጋው ሲወጣ አይቼ ገብቼ አይሆንም ብዬው ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሱ ግን 'እትዬ፣ እርስዎ ደክመዋል፣ ይሂዱ ይረፉ' ብሎ እጄን ይዞ እስከ በሬ ሸኘኝ። በጨዋ ደንብ እኮ ነው ያባረረኝ!»

ፍንጣሪ ሳሙናውን ድንጋዩ ላይ ወረወረችው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ለበዓል ሲባል ዝም አለች። ያንን ማታ አባቷን ከዚያ ጉድጓድ ለማገላበጥ አልጋው ላይ በጉልበቷ መውጣት ነበረባት። ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ «ፍራሹ እኮ ከውጭ የመጣ ነው» አላት።

እሁድ ማለዳ ወደ አባቷ ክፍል ስትገባ ሽታው ተቀበላት። አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ሌሊት ሽንታቸው መጥቶ እጃቸውን ወደ ላይ ሰደዱ፤ መያዣው የለም። ወደ ጎን ሰደዱ፤ ማንጠልጠያው የለም፣ ፍንጣሪ አጠገባቸው የተወችላቸው ፕላስቲክም ተንከባሎ ወድቋል። ፍራሹ ደግሞ ውጦ ይዟቸዋል። ሰው ለመጥራት ሞክረው ይሆናል፤ ድምፃቸው ግን ከአልጋው አያልፍም። ከወገባቸው እስከ ጉልበታቸው ርሰው፣ በርዷቸው፣ እስኪነጋ ጠብቀዋል።

ምንም ሳትናገር አንሶላውን ገፈፈች፣ ውሃ አሞቀች፣ አጠበቻቸው፣ አለበሰቻቸው። ሸሚዛቸውን ስትቆልፍ ቀኝ እጃቸው እጇን ያዘ።

«ይቅርታ... ልጄ» አሉ።

እኚህ ሰው ዕድሜዋን ሙሉ ይቅርታ ብለዋት አያውቁም። መዶሻ እግሯ ላይ ጥለው እንኳ «እግርሽን አንሺ» ነው ያሏት። አሁን በዓል በሆነበት ጠዋት፣ ባልሠሩት ጥፋት፣ እንደ ሕፃን አቀርቅረው ይቅርታ ይሏታል። ወንድሟ በወዲያኛው ክፍል ያንኮራፋል። ሄዳ በአንሶላው ልትጠቀልለው ፈልጋ ነበር። አባቷ እጇን አጥብቀው ያዙና «አትንገሪው» አሉ። ስለዚህ አልነገረችውም።

ምሳ ሲደርስ ሰው ተሰበሰበ። ጎረቤቷ መጡ፣ ብሎን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ፣ አክስታቸውም መጡ። እኚህ አክስት ወንድሟን «የቤታችን ምሰሶ» ነው የሚሉት፤ ምሰሶው ዓመቱን ሙሉ ሌላ ከተማ መቆሙ አሳስቧቸው አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ የተጠበሰ ዶሮ፣ ድንች፣ ሰላጣና ትኩስ ዳቦ ቀርቧል። አባቷ በዊልቸራቸው ከራስጌ ተቀምጠዋል።

«ማንም እጁን እንዳይዘረጋ!» አሉ አክስታቸው። «መጀመሪያ እያንዳንዳችን የምናመሰግንበትን እንናገር። ሰው ምስጋና ሲያጎድል ነው በረከት የሚርቀው። እኔ የማመሰግነው እንዲህ ያለ ልጅ ለወንድሜ ስለሰጠልኝ ነው። ስንቱ ተምሮ፣ ትልቅ ቦታ ደርሶ፣ አባቱን ረስቷል!»

ጎረቤቷ ለጤናቸው አመሰገኑ። ብሎን «እኔ ለዶሮው ነው የማመሰግነው፤ እሱ ባይሞት ኖሮ ድንች ብቻ ነበር የምንበላው» አለና ሁሉንም አሳቀ። ከዚያ ወንድሟ ብርጭቆውን ይዞ ተነሳ። መናገር ይችላል፣ ሥራውም ነው። ለቤተሰብ አመሰገነ፣ ለወዳጅ አመሰገነ፣ ሳናስተውላቸው ለሚያልፉት ለትንንሾቹ ነገሮች፣ ለትኩስ ዳቦ፣ በመስኮት ለሚገባው ፀሐይ አመሰገነ። አክስታቸው በመሐረብ ዓይናቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

«ከሁሉ በላይ» አለ ሲጨርስ፣ «አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ በብረት ሲደክሙ ኖረው፣ በመጨረሻ እንኳ ሰው የሚተኛበት አልጋ ላይ ስለተኙልኝ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።»

ሁሉም ወደ ፍንጣሪ ዞሩ። እሷ ሳህኗን ታያለች።

«በይ እንጂ ልጄ፣ ተራሽ ነው» አሉ አክስታቸው። ቀና ሳትል ስትቀር እየሳቁ ጎሰም አደረጓት። «ምነው? ምን ጠፍቶ ነው? ለአልጋው አመስግኚ!»

ፍንጣሪ ተነሳች። ወንበሯ ወደ ኋላ ወደቀ።

«እሺ፣ ላመስግን» አለች። ድምፅዋ መጀመሪያ ዝግ ያለ ነበር። «እትዬን አመሰግናለሁ፣ አምስት ዓመት ሙሉ የራሳቸውን ጉልበት እያመማቸው አባቴን ስለጠበቁልኝ። ትናንት ከገዛ ወንበራቸው ስለተባረሩም ይቅርታ። ብሎንን አመሰግናለሁ፣ እኔ ሳረፍድ የእኔንም ሥራ ሠርቶ አንድ ቀን 'የት ነበርሽ' ብሎኝ ስለማያውቅ። ጀርባዬን አመሰግናለሁ፣ እስካሁን ስላልተሰበረ። ትንንሽ ነገር አልክ፣ ወንድም ጋሼ? እኔ ትንሽ ነገር ልንገርህ። አንዲት ጣት የምታህል ማንጠልጠያ ነበረች። እሷን ስትሠራ ሦስት ቀን ፈጅታብናለች። አንተ በአምስት ደቂቃ ለቆራሌ ሰጠሃት! ጠይቀኸኝ ቢሆን! ስልክ በእጅህ ነው፣ 'ይሄ ብረት ለምንድነው' ብትለኝ ምን ነበረበት? አባባ እንዴት እንደሚተኙ ሳታውቅ የሚተኙበትን ትጥላለህ፤ ከዚያ ለራስህ ታጨበጭባለህ፣ እኔ ደግሞ ቆሜ ላመስግንህ?»

«ኧረ ተይ አንቺ ልጅ! በዓል ነው!» አሉ አክስታቸው።

«ለእኔም በዓል ነበር፣ አክስቴ! ትናንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በዓል ነበር!»

ወንድሟ ፊቱ ቀልቷል። «ሰው ፊት እንዲህ ልታደርጊኝ...» ብሎ ጀመረ። አልጨረሰም፤ ጠረጴዛው ላይ ሳህን ተንኳኳ። አባቷ በቀኝ እጃቸው ማንኪያቸውን ጨብጠው ሳህኑን ደበደቡት። አባቷ ከንፈራቸውን ለማስተካከል ታገሉ። የሚናገሩት ለፍንጣሪ ነበር።

«ሂጂ» አሉ። «አምጪው።»

ከዚህ በላይ ፈቃድ አላስፈለጋትም። ብሎን አንድ የዶሮ እግር በዳቦ ጠቅልሎ ተነሳ፤ ሁለቱም በብየዳ ቤቱ ፒካፕ ሄዱ።

ቆራሌውን ግቢው በር ላይ ከቤተሰቡ ጋር ምሳ እየበላ አገኙት። ፍንጣሪን ሲያይ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። «እኔ ምን አውቄ እህቴ፣ ወንድሟ ነኝ ብሎ የሰጠኝ እሱ ነው» አለ። አልጋው ጋሪው ላይ አልሄድ ብሎት በብረት መቁረጫ ግራይንደር ለአራት ቆርጦታል። የራስጌው ብረት ሲጎተት ተጣሟል፤ አጥሩ በዛገ ጣሳ ክምር ሥር ተቀብሯል። ፍንጣሪ የበዓል ቀሚሷን ሰብስባ ክምሩ ውስጥ ገባች። እየፈለገች ትሳደባለች፤ ወንድሟን፣ ፍራሹን፣ ፍራሹን የፈለሰፈውን ሰው። ማጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ስታገኝ እጇ ተቆረጠ። ብሎን ከኋላዋ እየተቀበላት «የጎደለ የለም፣ ከትዕግሥትሽ በቀር» አላት። አልሳቀችም።

ብየዳ ቤቱ ያለበት መንገድ በበዓል ምክንያት ጭር ብሏል። በሩን ከፍተው ቁርጥራጩን መሬት ላይ ደርድረው ሳይጨርሱ ወንድሟ ደረሰ። ኮቱን አውልቋል። በሩ ላይ ቆመ።

«አዋረድሽኝ» አላት።

«አባባ ዛሬ ሌሊት አልጋው ላይ ሸንተው ነው ያደሩት» አለችው። አባቷ አትንገሪው ማለታቸውን ረስታ አይደለም፤ ከዚህ በላይ መሸከም ስላልቻለች ነው። «ከሦስት ዓመት በኋላ። እስኪነጋ በብርድ ተኝተው። ከዚያ እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔን!»

ብሎን ሜትሩን አንስቶ የለካውን ብረት እንደገና መለካት ጀመረ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ወንድሟ።

«ለምን አልጠየቅከኝም? 'ደህና ናቸው' ስልህ 'ተመስገን' ብለህ ትዘጋለህ። ደህና የሚሆኑት በምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቀህ ታውቃለህ? ተመስገን የምትለው ማንን ነው?»

«እኔስ?» ድምፁ ድንገት ከፍ አለ፤ እንዲህ ሲጮህ ሰምታው አታውቅም። «እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺን ብረት አስያዙሽ። እኔ እዚህ በር ላይ ስቆም 'አንተ ሂድ አጥና፣ ልብስህ ይቆሽሻል' ነበር የሚሉኝ። አጠናሁ! ሄድኩ! አሁን ስመጣ እንግዳ ነኝ። የት እንደማስቀምጥ እንኳ የማላውቀው እጅ ነው ያለኝ። ሳጥን ይዤ ካልመጣሁ ምን ሆኜ ልምጣ?»

እውነቱን ነው የተናገረው፤ ፍንጣሪም እውነት መሆኑን አውቃለች። ግን ንዴት እንደ ምድጃ ነው፤ እሳቱ ቢጠፋ እንኳ ብረቱ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ልታባብለው አልፈለገችም።

«እጅህን እዚህ አስቀምጥ» አለችው፤ የተጣመመውን ብረት አቀናችና ጫፉን እያሳየችው። «አጥብቀህ ያዝ፤ እንዳይንቀሳቀስ። ብርሃኑን እንዳታይ። ጭንብል ያለን ሁለት ብቻ ነው።»

ወንድሟ የምሳ ሸሚዙን ጠቅልሎ ተንበረከከ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያዘ። ብረቱ እጁን ሲያግለው አልለቀቀም፤ የብየዳው ፍንጣሪ ክንዱ ላይ ሲዘንብ ከንፈሩን ነከሰ እንጂ አልተናገረም። ብርሃኑን ግን አየ። አትይ እየተባለ ያደገበት ነገር ነውና ሰረቅ አድርጎ አየ፣ ደግሞ አየ። ብሎን ሁለቴ «ዓይንህን!» ብሎ ጮኸበት። «ትንሽ ነው ያየሁት» አለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አልጋውን ቤት አስገቡት። ብሎን አንዱን ጫፍ ወንድሟ ሌላውን ይዘው ነው፤ ትልቁን የእንጨት አልጋ አስቀድመው ወደ እንግዳው ክፍል ጎትተውታል። አባቷን አሳረፏቸው። አባቷ መያዣውን ጨበጡ፣ ራሳቸውን ሳብ አደረጉ፣ በቀኛቸው ተገላበጡ፣ ተመልሰው ተገላበጡ። ከዚያ በጣታቸው አዲሱን ብየዳ ዳሰሱ፤ ቆጣ ብለው ወደ ፍንጣሪ አዩ።

«የዶሮ... ኩስ» አሉ። በያጆች የተዝረከረከ ብየዳን የሚሰድቡት እንዲህ ነው፤ ተቻኩላ የበየደችው ቦታ ነበር። ብሎን ጎኑን ይዞ ሳቀ። ፍንጣሪ ግን ወደ ጓሮ ወጥታ አለቀሰች፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ የአምስት ዓመቱን አንድ ላይ አወጣችው።

ሲመሽ ወንድሟ ዓይኑን ማሸት ጀመረ። «አቧራ ገባብኝ መሰለኝ» አለ። ትንሽ ቆይቶ «አሸዋ ነው» አለ። ቀጥሎ ዓይኑን መግለጥ አቃተው፣ እንባው እየወረደ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ ሲዳብስ አገኘችው። የብየዳ ብርሃን መትቶታል። የሚገድል አይደለም፤ ሁለት ቀን ያስለቅሳል እንጂ። ፍንጣሪ አየችው፤ ከሆዷ የወጣ ክፉ ሳቅ ሳቀች።

«ትስቂያለሽ?» አለ።

«አዎ!» አለችው። እየሳቀች ዓይኑን በቀዝቃዛ ውሃ አጠበችለት፣ እርጥብ ጨርቅ አሰረችለት፣ እጁን ይዛ እንግዳው ክፍል አስገብታ በገዛው አልጋ ላይ አስተኛችው። ፍራሹን ገልብጣዋለች፤ የረጠበው ወገን እስኪደርቅ ድረስ። ይህንን ግን አልነገረችውም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ከተማው ሊመለስ ነበር። ዓይኑ በጨርቅ ታስሮ መኪና መንዳት የለም። በሩ ተከፍቶ፣ እንደ ድንች ተጋድሞ ዋለ። ፍንጣሪ ረሳችው። እንደ ሁልጊዜው ውሃ አሞቀች፣ አጥሩን አወረደች፣ «አንድ ሁለት... ይያዙ አባባ» አለች፣ አነሳች፣ አጠበች፣ ቅባት ቀባች፣ ቁርስ አጎረሰች፣ ሲያንቃቸው ጀርባቸውን መታች፣ እግራቸውን አፍታታች፣ ሽንት ደፋች፣ እንደገና አገላበጠች፣ ልብስ አጥባ አሰጣች፣ እንደገና አነሳች። ከቀትር በኋላ በእንግዳው ክፍል በር ስታልፍ ወንድሟ ጠራት።

«ስድስት ጊዜ» አላት።

«ምኑ ስድስት?»

«ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ጊዜ ነው ያነሳሻቸው። እየሰማሁ ነበር።»

«ሰባት» አለችው። «አንዱ ላይ ታንኮራፋ ነበር።»

ይቅርታ ይለኛል ብላ ጠበቀች፤ የምትመልስለት ክፉ ቃልም አዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን «ስታነሻቸው ግራ እጃቸውን በየት በኩል ነው የምትይዥው?» አላት።

ያሰበችው ክፉ ቃል አፏ ላይ ቀረ። «በብብታቸው ሥር» አለች። «እጃቸውን ከጎተትክ ትከሻቸው ይወልቃል።»

ማክሰኞ ዓይኑ ገለጥ ሲልለት ወደ መሥሪያ ቤቱ ደውሎ እስከ ዓርብ አልመጣም አለ። አስተማረችው፤ ትዕግሥት ኖሯት አይደለም። «እንደ ሻንጣ አታንሳ! ጉልበትህን እጠፍ! ማነው እንዲህ ካልሲ የሚያለብሰው?» እያለች ነው። አባቷም በበኩላቸው ሲሳሳት በመዳፋቸው ጭንቅላቱን ይመቱታል፤ ትልቁ ሰውዬ «እሺ አባባ፣ እሺ» ይላል። ረቡዕ ቀን ጎረቤቷ ገብተው «እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፣ አንቺ ግቢና ተኚ» አሏት። እተኛለሁ ብላ አላሰበችም ነበር።

ሦስት ሰዓት ተኝታለች። በቀን እንዲህ የተኛችበትን ጊዜ አታስታውሰውም። ስትነቃ ደንግጣ በባዶ እግሯ ሮጠች። ወለሉ በውሃ ተጥለቅልቋል። ወንድሟ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ ላቡ እየወረደ አንሶላ ይወጥራል። አባቷ ታጥበው፣ ተላጭተው፣ አገጫቸው ላይ ሁለት ቦታ ወረቀት ተለጥፎ ተቀምጠዋል፤ ሸሚዛቸው ስፌቱ ወደ ውጭ ሆኖ ተገልብጧል።

«ጨርሻለሁ» አለ ወንድሟ ኩራት ኩራት እያለው። «ያለ ማንም እገዛ!»

ፍንጣሪ ሸሚዙን አየች፣ ወለሉን አየች። ንዴቷ ገና አልወጣላትም ነበር፤ የእሁዱን ጠዋት ለመርሳት ብዙ ቀን ይፈጅባታል። ልትናገረው አፏን ከፈተች። አባቷ በወንድሟ ራስ ላይ አሻግረው አይተዋት፣ ደህናውን እጃቸውን ቀስ ብለው አንስተው አንድ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

ፍንጣሪ ቃሏን ዋጠች። ወደ ወጥ ቤት ሄዳ ከበዓሉ የተረፈውን ዳቦ ቆረሰችና ወንበር ስባ ቁጭ ብላ በላች።